ሲፍር ከጎንደር ሲታይ፦ ኩባንያ የሚከፍለው የፈረንሳይ ዶክትሬት

ጎንደር ውስጥ «ስኮላርሺፕ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ትኬት፣ መኝታ፣ የኪስ ገንዘብና አየር ማረፊያ ላይ የሚቀበል ሰው ነው። ሲፍር የሚባለው የፈረንሳይ ፕሮግራም ከዚህ አንዱንም አይሰጥም። በጥሬው ካየነው ስኮላርሺፕም አይደለም፤ ሥራ ነው። አንድ ኩባንያ በደመወዝ ይቀጥራችኋል፣ የምትሠሩለት ሥራ ደግሞ የራሳችሁ ዶክትሬት ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ አመልካች የማመልከቻ ደብዳቤውን «ዕድሉን ብትሰጡኝ» ብሎ ይጀምራል። ኩባንያው ግን የሚፈልገው የሚረዳውን ሰው ሳይሆን የሚቀጥረውን ነው።

ለኮምፒውተር ሳይንስ አመልካች ከሌሎቹ የኩባንያ ድጋፎች ይልቅ ሲፍርን ለመገምገም የመረጥነው በምክንያት ነው። የኤንቪዲያ የድኅረ ምረቃ ፌሎሺፕ እስከ 60,000 ዶላር ይሰጣል፤ ግን የዶክትሬት የመጀመሪያ ዓመቱን ለጨረሰ ተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የጎግል የፒኤችዲ ፌሎሺፕም ዶክትሬት ላይ ላሉ ተማሪዎች ነው። ሁለቱም የተጀመረን ነገር ያጠናክራሉ፤ ማስተርሱን ጨርሶ ጎንደር፣ ማራኪ ወይም አዘዞ ሰፈር ተቀምጦ መነሻ ለሚፈልግ ሰው በር አይከፍቱም። ሲፍር ግን ከዜሮ ያስጀምራል፣ የዜግነት ገደብም የለውም። ከእሱ ጋር ሊወዳደር የሚችለው የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኩሪ ኢንዱስትሪያል ዶክትሬት ነው። ክፍያው የተሻለ ነው፣ ቢያንስ ግማሹ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ውጭ በሚገኝ ድርጅት ማለፍ አለበት፣ ከቅጥሩ በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ በቀጣሪው አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ ሰውም አይወዳደርም። ይህ የመጨረሻው ደንብ ከጎንደር ለሚያመለክት ጭራሽ ችግር አይደለም፤ ዩራክሰስ የተባለውን የአውሮፓ የምርምር ሥራ ማስታወቂያ ገጽ አብራችሁ ተከታተሉ። ቦታዎቹ ግን ጥቂት ናቸው፣ ተወዳዳሪውም ከመላው ዓለም ነው።

ሲፍር እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረ ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ድስት ማለት ነው፦ ፈረንሳይ ውስጥ የተቋቋመ ኩባንያ፣ የዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ እና ተማሪው። አንዱ ከወጣ የሚቆም ነገር የለም። ኤኤንአርቲ የሚባለው ማኅበር በፈረንሳይ የከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ስም ፕሮግራሙን ያስተዳድራል፤ ለኩባንያው በዓመት 14,000 ዩሮ ለሦስት ዓመት ይደጉማል። ገንዘቡ የሚገባው ለኩባንያው ነው፣ ለተማሪው አይደለም። ተማሪው የሚያገኘው ደመወዝ ነው። ዝቅተኛው ወለል ለረጅም ጊዜ በዓመት 23,484 ዩሮ ሆኖ ቆይቶ ከዚያ ወዲህ ከፍ እያለ ሄዷል። በኮምፒውተር ሳይንስ ከወለሉ በላይ የሚከፍል ኩባንያ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ወለሉን ብቻ የሚያቀርብ ሲገጥማችሁ ለመደራደር አትፈሩ።

ማስታወቂያ ላይ የምታዩት ቁጥር ያልተጣራ ደመወዝ መሆኑን አትርሱ። ለማኅበራዊ ዋስትና የሚቆረጠው ወደ 22 በመቶ ስለሚጠጋ በወር 2,000 ዩሮ የተባለ ደመወዝ እጅ ላይ ሲደርስ 1,560 አካባቢ ነው፤ የገቢ ግብር ካለም ከዚህ ይቀነሳል። በብር ሲመነዘር ያስደነግጣል፣ ፓሪስ ላይ የቤት ኪራይ ሲከፈልበት ደግሞ በተቃራኒው። ያው ደመወዝ በሬን፣ በናንሲ ወይም በግሬኖብል የተሻለ ያኖራል። የትምህርት ክፍያው ቀላል ነው፦ በሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች የዶክትሬት ምዝገባ በዓመት 400 ዩሮ ገደማ ነው፣ ሴቬክ የሚባለው የተማሪዎች መዋጮ ደግሞ 100 ዩሮን በትንሹ ያልፋል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች የተጣለው ከፍ ያለ ክፍያ ዲግሪና ማስተርስን እንጂ ዶክትሬትን አይነካም።

ኩባንያው ለምን ይህን ያደርጋል? ሒሳቡን ማወቅ ይጠቅማል። ከድጎማው ሌላ ከምርምር ወጪው እስከ 30 በመቶ የሚደርስ የግብር ቅናሽ ያገኛል። ሁለቱ ሲደመሩ የማስተርስ ዲግሪ ያለው ሰው ለሦስት ዓመት በርካሽ ይቀጥራል ማለት ነው። አብዛኛው ኩባንያ ይህን ለምርምር ይጠቀምበታል። ጥቂቱ ደግሞ ርካሽ ኢንጂነር ያገኘ ይመስለዋል፤ የብዙ ሲፍር ተማሪዎች እሮሮ ምንጩም እዚህ ጋ ነው። ማስታወቂያውን ስታነቡ መለየት ይቻላል። የምርት ስም፣ የሚለቀቅበት ቀንና የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ዝርዝር ሞልቶበት የምርምር ጥያቄ ከሌለበት፣ የላብራቶሪው ስምም ካልተጠቀሰ የሚፈለገው ተመራማሪ ሳይሆን ሶፍትዌር ገንቢ ነው። ጥሩ ማስታወቂያ ላብራቶሪውንና የአካዳሚ አማካሪውን ይጠራል፣ ቀደም ያሉ ጽሑፎችን ይጠቅሳል፣ ያልተፈታውን ነገር በግልጽ ያስቀምጣል።

ኤኤንአርቲ ራሱ የሲፍር ማስታወቂያዎችን በገጹ ያወጣል። ከዚያ በተጨማሪ የላብራቶሪዎችን ገጾች እየዞሩ ማየት ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ቦታ የሚወጣው አማካሪው ጋ ብቻ ነው። የኤኤንአርቲ ግምገማ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፦ አንድ የዘርፉ ባለሙያ ሳይንሱን ያያል፣ ኩባንያው ምርምሩን መሸከም መቻሉም ለብቻው ይመረመራል። በእኛ ግምት ከባዱ ደረጃ ይህ አይደለም። ከባዱ ኩባንያውና ላብራቶሪው አብረው «ይህን ሰው እንፈልጋለን» እንዲሉ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ የጎንደር አመልካች ጥንካሬውን ብዙ ጊዜ ያባክናል። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፎቻችን ሰፊ ክፍል በአማርኛ ላይ ነው፦ ስሜት መለየት፣ የጥላቻ ንግግር መለየት፣ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ። ርዕሱን እንዳለ ለፈረንሳይ ኩባንያ መላክ ውጤት የለውም፤ አማርኛ የሚናገር ደንበኛ የለውምና። «ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ አድርጌ ሞዴል አሠለጠንኩ» የሚለውም የዶክትሬት ጥያቄ አይሆንም። አማርኛ የሚያሳየውን ችግር ወደ ኩባንያው ወጪ መተርጎም ግን ይቻላል። ለምሳሌ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ኮድ ሦስት ባይት ይይዛል። «ጎንደር» የሚለው ቃል በአራት ፊደል 12 ባይት ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ስድስት ፊደልና 6 ባይት ብቻ። በባይት ላይ የተመሠረተ ቶከናይዘር (ጽሑፍን ለቋንቋ ሞዴል ቶከን ወደሚባሉ ቁርጥራጮች የሚከፋፍል ፕሮግራም) አማርኛን በብዛት ካላየ አንዱን ቃል ብዙ ቦታ ይቆራርጠዋል፤ በቶከን ብዛት የሚከፈልበት ሞዴል ለአንድ ዓይነት መልእክት በአማርኛ የበለጠ ያስከፍላል፣ ይዘገያል፣ የሚያስታውሰው ጽሑፍም ያጥራል። በአንድ ግስ ላይ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ አሉታውንና ጊዜውን የምንደራርብበት ሰዋስው ችግሩን ያባብሰዋል። ይህ የአማርኛ ብቻ ጣጣ አይደለም፤ በብዙ ቋንቋ ለሚሠራ ማንኛውም ኩባንያ የወጪ ጥያቄ ነው። አማርኛ እንደ ከባድ መፈተኛ ቀርቦ ጥያቄው አጠቃላይ ሲሆን ሰሚ ያገኛል።

የምርምር ሐሳቡን ከሁለት ገጽ አታስበልጡት፦ ችግሩ፣ እስካሁን የተሞከረውና ያልሠራበት ምክንያት፣ የእናንተ መላ፣ በ12ኛው ወር የሚታይ ውጤት። የመጨረሻው ነጥብ ኩባንያን ከሁሉ በላይ ያሳምናል። ኮዳችሁን ጊትሃብ ላይ አስቀምጡ፤ ሌላ ሰው አውርዶ በአንድ ትእዛዝ ካላስኬደው ባይቀመጥ ይሻላል።

ኢንተርቪው

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ፈረንሳይ ያለ ቀጣሪ አያውቅም። ቪዲዮው ሲቆራረጥ ያልተዘጋጀ ሰው ይመስለዋል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲያዝ ሦስት ነገር አድርጉ። በመስመር የሚመጣ ኢንተርኔት ያለበትን ቦታ፣ የግቢ ቢሮም ሆነ የወዳጅ ድርጅት፣ ቀድማችሁ በዚያው ሰዓት ሞክሩት፤ ጠዋት የሚበርረው መስመር ከሰዓት ሊንቀራፈፍ ይችላል። ማቅረቢያችሁን ከአንድ ቀን በፊት በኢሜይል ላኩ፣ ስክሪን ማጋራት ቢያቅት እነሱ ራሳቸው እንዲከፍቱት። መስመር ቢቋረጥ የሚደውሉበትን ስልክ ቁጥር አስቀድማችሁ ስጡ። መብራቱ ቢጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ራውተሩ ግን ይጠፋል፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ አለ። ፈረንሳይ በመጋቢትና በጥቅምት መጨረሻ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) እሑድ ሰዓቷን ትቀይራለች፣ እኛ አንቀይርም። በክረምታቸው ልዩነቱ ሁለት ሰዓት ነው፣ በበጋቸው አንድ። የፓሪስ ጠዋት 10 ሰዓት በጥር ወር ለእኛ ልክ ስድስት ሰዓት ቀን ነው፣ በሰኔ ግን አምስት ሰዓት። በዚህ ላይ የእኛን አቆጣጠር ከፈረንጁ ያምታታ ሰው አለ። ቀጠሮውን ስታረጋግጡ «በፓሪስ ሰዓት» ብላችሁ መልሳችሁ ጻፉ።

ወረቀቶቹ

የሚያዘገየው የውጭው ሳይሆን የአገር ቤቱ ወረቀት ነው። በኮስት ሼሪንግ የተማረ ሰው ያለበትን ዕዳ ሳይጨርስ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማውጣት ይቸገራል፤ ሥራ ከመፈለጋችሁ በፊት ሪጅስትራር ሄዳችሁ የት እንዳላችሁ እወቁ። ኤምባሲው ወይም ዩኒቨርሲቲው የተረጋገጠ ማስረጃ ከጠየቀ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ይህ ሁሉ አዲስ አበባ የሚያልቅ ስለሆነ በአንድ ጉዞ የሚያልቅ አድርጋችሁ አቅዱ፤ ኤምባሲውም ያው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ዲግሪው ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ትራንስክሪፕቱ ላይ በፈረንጅ ተጽፎ ከሆነ ሁለቱ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያላቸው ሰነዶች ይመስላሉ፤ በአንድ መስመር ማብራሪያ አያይዙ። ስምም እንዲሁ፦ የቤተሰብ ስም በሚባለው ሳጥን የአባትን ወይም የአያትን ስም የምታስገቡት ፓስፖርቱ እንዳለው ይሁን፣ በሁሉም ቅጽ ላይም አንድ ዓይነት። ምስክር የሚሆኑ መምህራን ከግል ኢሜይላቸው ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲው አድራሻ እንዲልኩ ለምኑ። ነጥባችሁ ከ4 የተያዘ ስለሆነ፣ እነሱ ደግሞ ከ20 ስለሚቆጥሩ፣ ከክፍሉ ስንተኛ እንደወጣችሁ የሚገልጽ የትምህርት ክፍል ደብዳቤ ከነጥቡ የበለጠ ይናገራል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ደረጃ አለ። በፈረንሳይ በርካታ የኮምፒውተር ሳይንስ ላብራቶሪዎች መግቢያቸው በሕግ የተገደበ ቀጠና ውስጥ ናቸው። እዚያ የሚገባ ሰው ሁሉ፣ ፈረንሳዊም ቢሆን፣ የደኅንነት ማጣሪያ ያልፋል፤ እስከ ሁለት ወር ይወስዳል፣ የማይፈቀድበት ጊዜም አለ፣ ምክንያቱ አይነገርም። ላብራቶሪው እንዲህ ያለ ቀጠና መሆኑን በመጀመሪያው ኢንተርቪው ጠይቁና ማጣሪያው ከኤኤንአርቲ ፋይል ጎን ለጎን እንዲጀመር አድርጉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቪዛ ነው። ተቋሙ የተመራማሪ መቀበያ ስምምነት ከፈረመ «ታለንት» በሚባለው የተመራማሪ ቪዛ መሄድ ይቻላል፤ የትዳር ጓደኛም አብሮ ሄዶ የመሥራት መብት ያገኛል። ኩባንያው ተራ የሠራተኛ ቪዛ ለማውጣት ከተነሳ ይህን መንገድ አስታውሱት፤ የሰው ኃይል ክፍሎች ሁሉ አያውቁትም። ከመጀመሪያው ኢሜይል እስከ ቦሌ በረራ ከግማሽ ዓመት በታች አታስቡ።

ውሉ

እውነተኛው ግምገማ ያለው እዚህ ነው። የሥራ ውሉ ወይ ሴዴዴ ነው (36 ወር የተገደበ) ወይ ሴዴኢ (ያልተገደበ)። በሴዴዴ የሙከራ ጊዜው አንድ ወር ነው። በሴዴኢ፣ ለባለሙያ ደረጃ፣ አራት ወር ሆኖ ሊታደስ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ኩባንያው ብዙ ሳያብራራ ሊያሰናብት መብት አለው። ለሌላ ሰው ሴዴኢ የተሻለ ነው ይባላል። ከጎንደር ሥራና ቤት ለቆ ለሚሄድ ሰው የመጀመሪያዎቹን ወራት አደጋ የሚያሳጥረው ግን ሴዴዴ ነው ብለን እናምናለን።

ከሥራ ውሉ ሌላ በኩባንያውና በላብራቶሪው መካከል የትብብር ስምምነት ይፈረማል። ተማሪው እንዲያነበው አይሰጡትም፣ ካልጠየቀ። ጠይቁ። የምታዩት ሦስት ነገር ነው። በሳምንት ስንት ቀን ኩባንያው፣ ስንት ቀን ላብራቶሪው ውስጥ እንደምትሆኑ በቁጥር መጻፉን፤ የጊዜ ክፍፍሉ ካልተጻፈ ኩባንያው እየጎተተ ሄዶ ላብራቶሪው በስልክ የሚጠየቅ ዘመድ ይሆናል። ሁለተኛው የኅትመት ፈቃድ ነው። ኩባንያው ጽሑፍን አስቀድሞ የማየት መብት ይኖረዋል፤ ያ ግን በቀን የተገደበ፣ «በዚህን ያህል ቀን ካልመለሰ እንደፈቀደ ይቆጠራል» የሚል ሐረግ ያለው መሆን አለበት። የኮንፈረንስ ማስገቢያ ቀን አይጠብቅም፣ የሕግ ክፍል ግን ያስጠብቃል። ሦስተኛው የኮድ ባለቤትነት ነው። በፈረንሳይ ሕግ ሠራተኛ በሥራው የጻፈው ሶፍትዌር፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው። ይህ አይቀየርም ባይባልም ከባድ ነው። ማድረግ የሚቻለው ይዛችሁ የምትሄዱትን፣ ጎንደር የሰበሰባችሁትን የአማርኛ ዳታና የጻፋችሁትን ኮድ፣ «ቀድሞ የነበረ» ተብሎ በአባሪ እንዲመዘገብ ማስደረግ ነው። አንድ ገጽ ዝርዝርና ቀን በቂ ነው። ሳይመዘገብ ከኩባንያው ኮድ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ መለየት አይቻልም።

ጂፒዩ፣ ሞዴል የሚሠለጥንበት የስሌት ካርድ፣ ከየት እንደሚመጣም በዚያው ጠይቁ። ላብራቶሪዎች ዣን ዜ በተባለው የፈረንሳይ ብሔራዊ ሱፐርኮምፒውተር ላይ በነጻ ሰዓት ማግኘት ይችላሉ፤ የሚሰጠው ግን ውጤቱ ለሚታተም ክፍት ምርምር ነው። የኩባንያው ዳታ ምስጢር ከሆነ እዚያ ሊገባ አይችልም፣ ያኔ ኩባንያው የራሱን ማሽን ማቅረብ አለበት። ይህ ሳይነገር ቀርቶ የመጀመሪያው ዓመት በአንድ ካርድ ያለቀበት ተማሪ ጥቂት አይደለም።

ዋናው ጉድለት 36 ወሩ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት በሦስት ዓመት አልቆ መመረቅ ይቻላል፤ ግን ብዙው ከዚያ ያልፋል። ድጎማውም ሴዴዴውም በ36ኛው ወር ይቆማሉ፣ ጽሑፉ ግን ይቀራል። መድኃኒቱ ሥራ መሆኑ ራሱ ነው፦ ለሥራ አጥነት ዋስትና ሲቆረጥ ስለቆየ፣ ውሉ ሲያበቃ ተማሪው የሥራ አጥ አበል ሊጠይቅ ይችላል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር መሥራት ይበቃል። ተራ የኪስ ገንዘብ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ይህን አያስገኝም። ግን የመኖሪያ ፈቃዱ ቀን ከውሉ ጋር አብሮ የሚያልቅ ከሆነ አስቀድሞ ማሳደስ ግድ ነው። ኩባንያው ቢከስርም እንዲሁ፤ ቀሪውን ጊዜ ሌላ ኩባንያ ሊረከብ ይችላል፣ ፈላጊው ግን በተግባር ተማሪውና አማካሪው ናቸው። ከተመሠረተ ሁለት ዓመት ያልሞላው ስታርታፕ ጋር የምትፈርሙ ከሆነ ገንዘቡ እስከ ስንት ወር እንደሚያስኬደው መጠየቅ ነውር የለውም።

በየዓመቱ የሚሰበሰብ የግል ክትትል ኮሚቴ አለ፤ ከአማካሪዎች ውጭ የሆኑ ሰዎች ተማሪውን ለብቻው ያነጋግራሉ። ኩባንያው የምርት ሥራ ከጫነ የሚነገረው እዚህ ነው። ዝም ብሎ «ሁሉ ደህና ነው» ማለት የእኛ ሰው ልማድ ነው፤ እዚያ ግን ዝምታው በቃለ ጉባኤ ይጻፋል።

ስለ ኑሮው አጭር ነገር። ደመወዝ የሚገባው በወሩ መጨረሻ ነው፤ የመጀመሪያውን ወር ኪራይና የማስያዣ ገንዘብ (ዕቃ ለገባበት ቤት እስከ ሁለት ወር) ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ዋስ የሚሆን ሰው ለሌለው፣ ዕድሜው እስከ 30 ለሆነ፣ ቪዛል የሚባል ነጻ የኪራይ ዋስትና አለ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ሰነዶቹ አንብቡ። ላብራቶሪው በእንግሊዝኛ ይሠራል፣ የኩባንያው ምሳ ግን በፈረንሳይኛ ነው፤ መሠረታዊ ፈረንሳይኛ ይዞ መሄድ ብዙ ያቀልላል።

በዩኒቨርሲቲ መምህርነት ላይ ሆነው ለሚያመለክቱ አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። የትምህርት ፈቃድ ውል ዋስ አስጠርቶ፣ ተመልሶ የማገልገል ግዴታ አስገብቶ የሚፈረም ነው፤ የተጻፈውም ሰውዬው ተማሪ ነው ብሎ ነው። ሲፍር ግን በወረቀት የሌላ ድርጅት ሠራተኛ ያደርጋል። የሰው ሀብት ክፍሉ ይህን ከፈቃዱ ጋር አይጋጭም ብሎ በጽሑፍ ካልመለሰ በቃል ተማምናችሁ አትሂዱ፤ የፈረንሳዩን የሥራ ውል ከነትርጉሙ አያይዛችሁ ጠይቁ፣ መልሱን በማኅተም ተቀበሉ፣ አንድ ኮፒ ለዋሳችሁም ስጡ።